ቢጫዋ ክኒን እና የኀዘን ገጽ

ሰኞ፣ ግንቦት 3

ሐኪሟ የቢጫዋን ክኒን መጠን በእጥፍ ጨመረችው። ከዛሬ ማታ ይጀምራል።

ነጯ እንደ በፊቱ ጠዋትና ማታ ትቀጥላለች። ነጯ ስሜቴ ከአጥር እንዳይዘል የምትጠብቅ ናት፤ ቢጫዋ የምታስተኛኝ። "ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዋጣትና ተኛ" አለችኝ። የጋዜጣው ገጽ የሚዘጋው አራት ሰዓት ላይ መሆኑን ነገርኳት። "እንግዲያው የቀን ፈረቃ ጠይቅ።" የነገው ጋዜጣ ዛሬ ቀን አይዘጋም አልኳት። ሳቀች። የመድኃኒት ማዘዣውን ግን አልቀየረችም።

የሕግ ትምህርቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል። የማጠቃለያ ፈተናው ሰኔ 29 ነው። ሥራው እዚያ፣ ትምህርቱ እዚህ፣ እንቅልፉ መሃል። መሃል ያለውን ማጥበብ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ትናንት ቢጫዋን ከሥራ ተመልሼ ዋጥኳት። እህቴ ጠዋት ሦስት ጊዜ ቀስቅሳኛለች፤ እኔ አንዱንም አላስታውስም። የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋበት መኪና ከግድግዳዬ ማዶ ነው ያለው። ድሮ ገና ስትነካው እነቃ ነበር።

"አንተ ልጅ፣ ሬሳ ብቀሰቅስ ኖሮ እስካሁን ተነስቶ ቁርሱን በልቶ ነበር" አለችኝ።

የማስረጃ ሕግ ክፍለ ጊዜ አመለጠኝ። አፌ ደርቋል። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ እሱ ከነጯ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 7

አንድ ሌላ ጋዜጣ በሕይወት ያለ ነጋዴ ሞቷል ብሎ አወጣ። አለቃችን ሰበሰበንና የኀዘን ገጹን ደንብ እንደ አዲስ አነበበልን፤ እኔንና እማማ ሰረዝን፣ የገጹን ሁለት አራሚዎች፣ እያየ።

ደንቡ ይኸው ነው። የሞት ማስታወቂያ የሚያስነግር ሰው የሟቹን ፎቶ ያመጣል፤ የራሱን መታወቂያ ቅጂም ይተዋል፤ በቂም ተነሳስቶ ጠላቱን በቁሙ የሚቀብር እንዳይኖር። ከሁለቱ አራሚዎች አንዱ የቤተሰቡን ጽሑፍ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው የተዘጋጀውን ገጽ ይከተላል። ቀጥሎ ለቤተሰቡ ይደወልና ፎቶው በቃል ይነገራል፦ ባርኔጣ አለው፣ ወደ ግራ ያያል። በመጨረሻ ሁለቱም አራሚዎች ከገጹ ግርጌ ይፈርማሉ። ሁለት ፊርማ የሌለው ገጽ ማተሚያ ቤት አይወርድም።

እማማ ሰረዝ የገጹ አንጋፋ ናቸው፤ ጥቅምት ላይ ጡረታ ይወጣሉ። ስሙ የወጣላቸው ሥርዓተ ነጥቡን ሁሉ ድምፅ አውጥተው ስለሚያነቡ ነው። "የተወደዱ አባታችን ነጠላ ሰረዝ ባደረባቸው ሕመም ነጠላ ሰረዝ።" ከስብሰባው ስንወጣ ክንዴን ያዙኝና "የሞተ ሰው አይቸኩልም፤ እኛ ምን ያስቸኩለናል?" አሉኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 10

ቢጫዋን በታዘዘው ሰዓት፣ ሥራ ላይ ዋጥኳት። አንድ ጊዜ ለመሞከር።

እማማ ሰረዝ እያነበቡ አገጬ ደረቴ ላይ ወደቀ። ቆነጠጡኝ። እንደገና ወደቀ። ቆመን አነበብን።

ገጽ አቀናባሪው፣ ቀጭኑ የምንለው፣ ኮሪደሩ ላይ ለሌላው ሲነግር ሰማሁ፦ "ገጹ የሙታን፣ አራሚውም ሬሳ። የተሟላ አገልግሎት!"

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ክፍል ውስጥ ተኛሁ። መምህሩ ንግግሩን አቋርጦ "ከኋላ ያለው ወንድማችን የይግባኙን ውሳኔ ጋደም ብሎ እየጠበቀ ነው" አለ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌሎቹ ከጨረሱ በኋላ።

ጥቁር ሻይ ሞከርኩ። በረዶ ውኃ ሞከርኩ። በአንድ እግር መቆም ሞከርኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 16

እህቴ ቁልፍ እየተከለች፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"ዲግሪው ይቆይ።"

"እትዬ፣ አንድ ወር ከምናምን ነው የቀረው።"

"አንድ ወር ያን የታመምክ ጊዜም ነበር የቀረህ።"

"ያን ጊዜ ሌላ ነው።"

"ያን ጊዜ በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጡቴ ሥር ይዤ ነው የተኛሁት። ሌላ ነው ካልከኝ ሌላ ይሁን።"

ስለ ያን ጊዜ እዚህ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

የልምምድ ፈተና ውጤት መጣ። ወደቅሁ። የማውቀውን ነው የወደቅሁት። ጥያቄውን አንብቤ ጫፉ ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 19

ዛሬ ቢጫዋን ሳልውጣት አሳደርኳት። ለአንድ ሌሊት ብቻ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

እህቴ ሳትቀሰቅሰኝ ተነሳሁ። ከፊት ወንበር ተቀመጥኩ። ሁለት ጥያቄ ጠየቅሁ፤ መምህሩ ሁለተኛውን "ጥሩ ጥያቄ ነው" አለው። ጭንቅላቴ እንደ ተወለወለ መስታወት ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 23

ከቢጫዋ ጋር ተራ ገብተናል። አንድ ሌሊት የእሷ፣ አንድ ሌሊት የእኔ። ዓርብ የእሷ ነበር፤ ግን ቅዳሜ ጥናት ስለነበረኝ ለቅዳሜ ተላለፈ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሳልተኛ ነጋ። ሐኪሟ ራሷ "ሰውነትህን አዳምጥ" ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26

በእጄ መንቀጥቀጥ ምክንያት ማስታወሻ መያዝ አልቻልኩም፤ የጻፍኩትን እኔው ማንበብ አቃተኝ። መንቀጥቀጡ ከነጯ ነው። ነጯና ቢጫዋ እንደ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዷን አስቀርቶ ሌላዋን መውሰድ ነውር ነው። ሁለቱም አደሩ። እስከ ፈተናው ነው። ሰኔ 29 ማታ ሁለቱንም በክብር እቀበላቸዋለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 29

ሦስት ሰዓት ብቻ ተኛሁ፤ በቃኝ፤ ከበቃኝም ተርፏል። ሰዎች ስምንት ሰዓት የሚተኙት የሚነቁለት ነገር ስለሌላቸው ነው የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ጽፌዋለሁ፤ ለመጽሔት ይሆናል። የማስረጃ ሕጉን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት፤ ደራሲው ሁለት ቦታ ተሳስቷል፤ ደብዳቤ ልጽፍለት ነው። ለኀዘን ገጹ አዲስ ደንብ አርቅቄያለሁ። አሁን ያለው ደንብ የፈሪዎች ደንብ ነው፤ ሁለት ሰው አንድን ቃል ሁለት ጊዜ የሚያየው አንዳቸውም ስለማይታመኑ ነው። አንድ የነቃ አራሚ ይበቃል። ይህን ለአለቃችን አሳንሰር ውስጥ አስረዳሁት፤ እሱ ሦስተኛ ፎቅ መውረድ ነበረበት፣ ሰባተኛ ድረስ አብሮኝ ወጣ። "በጽሑፍ አምጣው" አለ። ከዚያም "ደህና ነህ ግን?" አለኝ። እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም አልኩት። እውነቴን ነው።

ጎህ ሲቀድ የእህቴን የስፌት መኪና ፈታሁት፤ ድምፁ ላይ ችግር ነበረው፣ እሷ ለምዳው ነው የማትሰማው። ብሎኖቹን በመጠናቸው ጨርቅ ላይ ደረደርኳቸው። ወጥታ አየችኝ። አልጮኸችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና እጄን ማየት ጀመረች።

"ዋጥክ?"

"ዋጥኩ።"

ውሸት አይደለም። መቼ እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

የእማማ ሰረዝ ንባብ ጥርስ ውስጥ እንደ ገባ አሸዋ ሆኖብኛል። እሳቸው አንድ ማስታወቂያ ሲያነቡ እኔ ገጹን ሦስት ጊዜ እጨርሰዋለሁ።

"እባክዎ እማማ፣ ነጥቡን ይተዉትና ቃሉን ብቻ ይበሉኝ።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን ነካህ የኔ ልጅ? ምላስህ ከእግርህ ቀደመ።"

"ምንም አልነካኝም።"

"እንቅልፍ ታያለህ?"

"አየዋለሁ፤ ሰላም ብሎኝ ያልፋል።"

ቀጭኑ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቀስ ብለው፣ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጋር፣ ከመጀመሪያው ጀመሩ።

ዓርብ፣ ሰኔ 5

ምርጥ ቀን። እማማ ሰረዝ ጥርሳቸውን ታመው ጉንጫቸው አብጦ መጡ። "ይሂዱ፣ እኔ አለሁ" አልኳቸው። "ሁለት ዓይን ያስፈልጋል እኮ" አሉ። "የእኔ ሁለት ናቸው" አልኳቸው። ስቀው ሄዱ፤ እየሳቁ ጉንጫቸውን ይዘው።

ገጹ ከሰዓቱ ቀድሞ ተዘጋ። ቀጭኑ "ዛሬ ሟቾቹ ሮጠው ነው እንዴ የገቡት?" አለ። ለቤተሰቦቹ ደወልኩ፤ አንዱ አላነሳም፤ ፎቶው ግን ጥርት ያለ ስለነበር ጥርጥር አልነበረውም። ገጹ በደንቡ መሠረት ከነሁለት ፊርማው ወረደ።

አሁን ሊነጋ ነው። ትምህርት ቤት በእግሬ ልሄድ ነው፤ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ሰው እኔ እሆናለሁ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 6

ከቢሮ ተደወለ። ና አሉኝ።

አንድ ሰውዬ እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሟል። ጥቁር ለብሷል። ጋዜጣውን ዘረጋልኝ። ፎቶውን አየሁ፣ ፊቱን አየሁ።

"ሞቼ ነው የመጣሁት" አለኝ።

የሞቱት አባቱ ናቸው። ጽሑፉ የአባቱ ነው፣ ስሙ የአባቱ ነው። ፊቱ የእሱ። ከመታወቂያው ቅጂ ላይ የተወሰደ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። የአባቱ እህት፣ ሌላ ከተማ የምትኖረው፣ ወንድሟ መሞቱን ታውቃለች። ጠዋት ከሱቅ ጋዜጣ ገዛች። የወንድሟን ፎቶ ስትፈልግ የወንድሟን ልጅ አገኘች። ደረጃ ላይ ስለነበረች ወደቀች። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ሆስፒታል ናት።

"ስልክ ደውልላት አሉኝ። ድምፄን ስትሰማ ዘጋችብኝ" አለ። "ቆይቼ ነው የገባኝ። ፈርታኝ ነው።"

ከዚያ ጠየቀኝ፦ "ፎቶውን የመረጠው ማነው?"

ሰኞ፣ ሰኔ 8

ማስተካከያው ወጣ። የአባትየው ፎቶ ባርኔጣ አለው። ወደ ግራ ያያል።

እኔም እማማ ሰረዝም እስከ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ውሳኔ ድረስ ከሥራ ታግደናል። አለቃችን ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ግርጌውን በጣቱ መታው። "ሁለት ሰው ነው የፈረመው። ሁለት ሰው ይጠየቃል።"

እማማ ሰረዝ ወረቀቱን አቅርበው አርቀው አዩት። መልሰው አስቀመጡት። እኔ መስኮቱን አየሁ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 11

ተኝቼ ነው የዋልኩት፤ እንቅልፍ ግን አይደለም። ጣሪያው ላይ የውኃ እድፍ አለ። ትናንትም ነበር።

እህቴ የክረምት ጫማዬን ለጫማ ሠሪ ልትሰጥ አነሳችው። ጫፉ ውስጥ እጇን ከተተች። ነጭና ቢጫ ይዛ ወጣች። አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መዳፏን ዘረጋችልኝ።

"ከእኔ ነው የደበቅከው ወይስ ከራስህ?"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

"እኔ ሞኟ ደግሞ ማሽኔን ስታጸዳልኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ! ፈርቼም፣ ደስ ብሎኝም።" ከዚያ አለቀሰች፤ ወዲያው አቆመች፤ ደንበኛ በር መትቶ ነበር።

ከዛሬ ጀምሮ ራሷ ነው የምትሰጠኝ። "አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ።" እናታችን የምትመረምረን እንደዚህ ነበር፣ ስኳር ስንሰርቅ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15

ተኛሁ። በላሁ። ተኛሁ። አንድ ገጽ አነበብኩ፤ ምን እንደሚል አላውቅም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 17

አለቃችን ደወለ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

"እህትህ ነገረችኝ። ለምን አልነገርከኝም አንተ? መድኃኒት ነው እኮ፣ ወንጀል አይደለም። የሚያስተኛ መድኃኒት ነው አይደል?"

"አዎ፣ ያስተኛል።"

"እንግዲያው ምን ቸገረህ። መድኃኒቱ አፍዝዞት ነው ብላ ሐኪምህ ትጻፍልህ። ኮሚቴው ሰው ነው፤ ወደ ቀን ሥራ ያዛውሩሃል፣ ትምህርትህንም ትጨርሳለህ።"

"እማማ ሰረዝስ?"

"እሳቸው ምን መድኃኒት አላቸው? ነቅተው ነው የፈረሙት። አንተ የፈዘዝክበትን ማየት የእሳቸው ሥራ ነበር። ጡረታቸው ላይ እንዳይመጣባቸው እንጸልይ።"

ስልኩን ዘጋሁ። እህቴ በር ላይ ቆማለች። "ደግ ሰው ነው" አለች። አዎ፣ ደግ ነው።

በዚያ ሳምንት አንዲት ክኒን እንኳ አልዋጥኩም። አልፈዘዝኩም። ዓይኔ እንደ ፋና ነበር። ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ያየሁት ትዝ ይለኛል፤ የወጣቱ ፊት ለገጹ ያምራል ብዬ ያሰብኩት ትዝ ይለኛል። ሌላም ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 20

እማማ ሰረዝ ሊጠይቁኝ መጡ። ብርቱካን ይዘው፤ ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ አርፈው።

ስለ ሆስፒታሏ ሴትዮ ጠየቁኝ። ቀዶ ጥገናው አልቋል፣ ገና አልቆመችም አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እህቴ እንዳትሰማ ይመስላል።

"አንድ ነገር ልንገርህ፣ በእኔና በአንተ ይቅር። መፈረሜን አላስታውስም።"

አንድ ብርቱካን አንስቼ መላጥ ጀመርኩ።

"ጥርሴን ይዤ መውጣቴን አስታውሳለሁ። ደረጃውን አስታውሳለሁ። የታክሲውን ወንበር ሳይቀር አስታውሳለሁ፣ የተቀደደ ነበር። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የኔ ነው፤ ያቺ ጭራ ሳትቀር። እንግዲህ ከመውጣቴ በፊት ባዶ ገጽ ላይ ፈርሜ ሄጃለሁ ማለት ነው። እኔ! ስንቱን በዚህ የተቆጣሁ ሴትዮ!"

"እማማ..."

"ለልጄ ብነግራት ጭንቅላትሽን ተመርመሪ ብላ ቀጠሮ ያዘችልኝ። እናቴ መጨረሻዋ ላይ ስሜን ረስታ ነው የሞተችው። ማታ ማታ የድሮ ስልክ ቁጥሮችን እየጠራሁ ራሴን እፈትናለሁ። የድሮ ባሌን እናት ቁጥር እንኳ አውቀዋለሁ፣ ሴትዮዋን ግን ደውዬላት አላውቅም።" ሳቁ። ዓይናቸው አልሳቀም። "ለኮሚቴው ፈርሜያለሁ ብዬ እጽፋለሁ። ዕድሜ ነው እላለሁ። አንተ ልጅ ነህ፤ ታመህ ነው፤ እንዳይጨክኑብህ።"

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ።

"ሻይ ልጨምርልዎ?" አልኳቸው።

ጠጥተው ሄዱ። ደረጃው ላይ ሁለት ቦታ ሲያርፉ ሰማሁ።

እሑድ፣ ሰኔ 21

ብዙ ዓመት አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። ፊርማቸውን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ያን ዓርብ ማታ ስጨርስ ያን ጭራ በማሳመሬ ለራሴ ስቄያለሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ነገር ቀልድና ቀላል ይመስል ነበር።

ይህን ጽፌ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ማረሚያ የለውም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 23

ሐኪሟ ዘንድ ነበርኩ። እህቴ ውጭ ጠበቀችኝ። የነጯ መጠን ደሜ ውስጥ ስንት እንደሆነ ለማወቅ ደም ተቀዳ፤ ውጤቱ ነገ ይደርሳል።

"ሰኔ 5 ማታ ምን ያህል እንደዋጥኩ ደም ይናገራል አይደል?" አልኳት።

"ያለፉትን ጥቂት ቀናት ይናገራል። እህትህ ስትሰጥህ የሰነበተችውን ነው የሚያሳየው። ስለ ሰኔ 5 ምንም አይልም።"

ደብዳቤው ሊጻፍልኝ እንደሚችል የገባኝ ያኔ ነው። ከእህቴ በቀር ማንም አያውቅም። ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ ነገርኳት። ክኒኖቹን እንዳሳደርኳቸው፣ ፊርማውን እኔ እንደፈረምኩት፣ ቅዳሜ ለእማማ ሰረዝ እውነቱን በመናገር ፈንታ ሻይ እንደቀዳሁላቸው። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነበር፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሆነ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"መድኃኒቱ አፍዝዞህ ነው ብዬ መጻፍ አልችልም፤ እንዳልዋጥክ አሁን አውቄያለሁ" አለችኝ። "መድኃኒቱን አቋርጠህ በሽታው ተነስቶብህ ነበር ብዬ መጻፍ እችላለሁ፤ እውነት ነው። ግን ያን ከጻፍኩ፣ ለምን አቋረጥክ ይሉሃል፣ ማን ፈረመ ይሉሃል። ያለ ፈቃድህ አንድ ቃል አላወጣም። ፈቃዱ ያንተ ነው።"

"በሽታው ነው የፈረመው?"

"ከፊሉ በሽታው ነው" አለች። "ቅዳሜ ሻይ የቀዳው ግን አንተ ነህ።"

ወጣሁ። እህቴ ቦርሳዋን አቅፋ ተነሳች። "ጻፈችልህ?" አለችኝ። ሁለት ወር ያልተኛ ፊት አላት፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር።

"ነገ እነግራታለሁ፣ ምን እንደምትጽፍ" አልኳት።

"ምን ማለት ነው?"

አውቶቡስ መጣ። ተሳፈርን። ሦስት ሰዓት ሲሆን አፌን አስከፍታ ቢጫዋን ሰጠችኝ። እጄ መክበድ ጀምሯል፤ መጻፍ የምችለው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

እማማ ሰረዝ የጽሑፍ መልሳቸውን ዛሬ አስገብተዋል፤ ቀጭኑ ደውሎ ነገረኝ። ፈርሜያለሁ ብለዋል። የጭንቅላት ምርመራቸው ዓርብ ነው። የኔ መልስ የሚገባው እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ኮሚቴው ሐሙስ ሰኔ 25 ጠዋት ይቀመጣል።